ዋስትናችን ቆጣሪያችን ነው

ለአማራ ክልል ምክር ቤት
ለክልሉ የውሃና የገንዘብ ቢሮዎች
የውሃ ሀብት ልማት ፈንድን ለሚያስተዳድሩ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ለትናንሽ የጎጃም ከተሞችና ለገጠር ቀበሌዎች የመጠጥ ውሃና የፍሳሽ ሥራ የሚውል፣ ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ የረጅም ጊዜ ብድር ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ ከማትርቅ አነስተኛ ከተማ ሆኜ ነው። በከተማችን የውሃ አገልግሎት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ቤት ለቤት እየዞርሁ ቆጣሪ አነብ ነበር፣ ኋላ ገንዘብ ያዥ ሆንሁ፣ በመጨረሻም የሂሳብ መዝገቡን ለተተኪዬ አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። በአገራችን ስለ ውሃ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በዓባይ ልጅ ተረት ይጀምራል። እኔ አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ፣ ደግሞም ተረት ቱቦ አይገዛም። የማውቀው ደረሰኝ ስለሆነ በደረሰኝ ልናገር።

ገና ሥራ ላይ ሳለሁ ዋናው የውሃ መስመራችን አርጅቶ በየሳምንቱ ይፈነዳ ጀመር። ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ሆነን ብድር ፍለጋ ሄድን። የሄድንበትን ባንክ ስም አልጠራም፤ የተቀበሉን ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ፣ ቡናም ጋብዘውናል። የብድር ክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻችንን አገላብጦ አነበበና “ለዋስትና ምን ታስይዛላችሁ?” አለን። ሥራ አስኪያጃችን የውሃ ጋኑን፣ የጉድጓዱን ፓምፕና ቢሮአችን ያለበትን ቤት ቆጠረለት። ሰውየው ፈገግ አለ። “የከተማ ውሃ ጋን ሐራጅ ባወጣ ማን ይገዛኛል?” አለ። እውነቱን ነው፤ ጋን ተነቅሎ አይሸጥም፣ በሕዝብ ጉሮሮ ላይም ሐራጅ አይባልም። እኔ ግን ከቦርሳዬ የስድስት ዓመት ገቢያችንን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ወር በወር ተጽፏል። ክረምት ሲገባ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከጥር በኋላ ከፍ ይላል፣ ግን አንድም ወር ተቋርጦ አያውቅም። ሰው የቤት ኪራይ ያሳድራል፣ የሱቅ ዱቤም ያሳድራል፤ ቆጣሪው እንዳይነቀልበት ግን የውሃ ሂሳቡን ይከፍላል። ኃላፊው ወረቀቱን በጥሞና አየና “ይህ በጣም ጥሩ ነው” ብሎ አጣጥፎ መለሰልኝ። ጥሩ ነው፣ ዋስትና ግን አይሆንም።

ያን ቀን በአውቶቡስ ስንመለስ ያሰብሁት ነገር ነው ዛሬ ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ። ሰውየው አልበደለንም። ለትርፍ የሚሠራ ባንክ የሚያበድረው አስቀማጮች ነገ ሊጠይቁት የሚችሉትን ገንዘብ ነው፤ ያንን ገንዘብ ለሃያ ዓመት መሬት ውስጥ ከሚቀበር ቱቦ ጋር ቅበረው ብንለው አይችልም። ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ገንዘብ ያለው መንግሥት ነው። ቆጣሪን እንደ ዋስትና ሊቀበል የሚችለውም እሱ ብቻ ነው።

ብድር የሚለውን ቃል የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ጎጃሜ ደግሞ ዕዳ አይወድም። ነገር ግን የከተማችን ሕዝብ አሁንም ባለ ዕዳ ነው፤ ዕዳው በመዝገብ ስላልተጻፈ ነው የማይታየው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ሃምሳ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። በሚያዝያ ቦኖው ሲደርቅ በአህያ የሚመጣው ጀሪካን በ5 ብር ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 250 ብር ወጣ ማለት ነው፤ በ10 ብር ቢሸጥ 500 ብር። ቤቱ ቆጣሪ ያለው ሰው ለዚያው ውሃ የሚከፍለው ከዚህ እጅግ ያነሰ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ጎረቤቴ ጠላ ጠማቂ ናት። በበጋ ጠላዋ ለምን እንደሚወደድ ደንበኞቿ ሲጠይቋት ጌሾውንም ገብሱንም አታነሣም፤ ጀሪካኖቹን በእጇ ታሳያቸዋለች። እሷ በየዓመቱ ለባለ አህያው የምትከፍለው ገንዘብ ቢጠራቀም ቤቷ ድረስ መስመር ባስገባላት ነበር። ግን አይጠራቀምም፣ በየቀኑ ይፈሳል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ለምሳሌ ያህል 2,500 ደንበኛ ያላት ከተማ አዲስ ጉድጓድ፣ ጋንና ዋና መስመር ለመሥራት 30 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋት እንበል። ገንዘቡ በ16 በመቶ ወለድ በ7 ዓመት የሚመለስ ከሆነ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን 430 ሺህ ብር ገደማ መክፈል አለባት፤ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ ሲከፋፈል በወር ወደ 248 ብር ይደርሳል። ያው ገንዘብ በ3 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ቢመለስ ግን ዓመታዊ ክፍያው 2 ሚሊዮን 17 ሺህ ብር ገደማ፣ የቆጣሪው ድርሻ ደግሞ በወር 67 ብር ብቻ ነው። ሥራው አንድ ነው፣ ቱቦውም አንድ ነው። ለ67 ብር ሕዝቡ ሰብሰብ ብሎ ይመክርና ይስማማል፤ ለ248 ብር ግን ቆጣሪውን አስነቅሎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህን ስል አልገምትም፤ ታሪፍ በአንድ ጊዜ ሲጨምር ስንት ሰው ቆጣሪውን ሊያስነቅል መስኮቴ ላይ እንደቆመ አይቻለሁ።

ከወለዱ ይልቅ የጊዜው ነገር ያሳስበኛል። በደንብ የተቀበረ ቱቦ አርባ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። በሰባት ዓመት ክፈሉ ማለት ገና ያልተወለዱት የሚጠጡትን ውሃ የዛሬዋ ጠላ ጠማቂ ብቻዋን ትክፈል ማለት ነው። ፓምፕ ሌላ ነገር ነው፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ብድሩም አጭር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ውል ማሰር ጫማና ጣሪያን በአንድ የብድር ዘመን እንደመግዛት ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1994 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 268 የውሃ ሀብት ልማት ፈንድን አቋቁሟል። የአዋጁ ሐሳብ ከተሞች ተበድረው ሠርተው ከታሪፍ ገቢያቸው እንዲመልሱና የተመለሰው ገንዘብ ለሌላ ከተማ እንዲያገለግል ነው። የአገሪቱ የውሃ ፖሊሲም የከተማ ውሃ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ከተጠቃሚው እንዲመልስ፣ የገጠሩ ደግሞ የሥራ ማስኬጃና የጥገና ወጪውን እንዲሸፍን ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ያዛል። ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ በሕግ የሚወስነው ደግሞ በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ለዚህም ነው ደብዳቤዬን ለክልሉ ብቻ ያልጻፍሁት። ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት የእኛን መሰል ከተማ ደጅ ያልረገጠው ለምንድን ነው? በእኔ ግምት በሩ ላይ ያለው ደረጃ ከፍ ስለሚል ነው። ብድር ለመጠየቅ የአዋጭነት ጥናት፣ ዝርዝር ንድፍ፣ በኦዲተር የተመረመረ የበርካታ ዓመት ሂሳብና የአምስት ዓመት የሥራ ዕቅድ ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ መሐንዲስ የሌላት ከተማ ለጥናቱ የሚሆነውን ገንዘብ ከየት ታምጣ? ብድሩን ለማግኘት ገንዘብ ይጠየቃል፣ ገንዘቡን ለማግኘት ብድር ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ከተሞች ይህን ደረጃ ዘለው ይገባሉ፤ እኛ እታች ቆመን እናያለን።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደፈታው ጥቂት አንብቤአለሁ። አሜሪካኖች ከ1970ዎቹ ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) ለፍሳሽ ማጣሪያ ግንባታ በብዛት ስጦታ ይሰጡ ነበር። በ1987 ግን ሕጋቸውን ለውጠው በየክፍለ ግዛቱ ተዘዋዋሪ የብድር ፈንድ አቋቋሙ። የፌዴራሉ መንግሥት መነሻ ገንዘብ ያስገባል፣ ክፍለ ግዛቱ በበኩሉ የዚያን 20 በመቶ ይጨምራል፣ ከተሞች ከገበያው ባነሰ ወለድ ይበደራሉ፣ የሚመለሰው ገንዘብ እዚያው ቋት ውስጥ ገብቶ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። በ1996 ደግሞ ያንኑ አሠራር ለመጠጥ ውሃ ደገሙት። አቅም ላነሳቸው ማኅበረሰቦች ከብድሩ ከፊሉ ይሰረዝላቸዋል። ለገጠር ነዋሪዎችና ከ10,000 ሰው ለማይበልጡባቸው ከተሞች የግብርና መሥሪያ ቤታቸው እስከ 40 ዓመት የሚደርስ የውሃና የፍሳሽ ብድር ይሰጣል። ሆላንዶችም ባሕር ሰብሮ ካጥለቀለቃቸው በኋላ በ1954 የውሃ ቦርዶቻቸው ባለቤት የሆኑበት ባንክ አቋቁመዋል። “እነሱ ሀብታም ናቸው” እንዳትሉኝ። ተዘዋዋሪው ፈንድ የሀብታም ፈጠራ አይደለም፤ ዕቁብ ነው። ልዩነቱ የዕቁቡ ሰብሳቢ መንግሥት መሆኑና ዕጣው በችግር ብዛት መውጣቱ ነው። ዕቁብን ለጎጃም ሰው የሚያስተምር የለም።

እዚሁ ክልላችን ውስጥም የሚጠቀስ ልምድ አለ። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በተካሄደው የገጠር ውሃ ሥራ ገንዘቡ በወረዳ ቢሮ በኩል ተንዛዝቶ ከመድረስ ይልቅ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ ማለትም በዛሬው ጸደይ ባንክ በኩል ቀጥታ ወደ ቀበሌው የውሃ ኮሚቴ እጅ ይገባ ነበር። ኮሚቴው ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ሂሳቡን ለሕዝቡ ያነባል። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጅጊ ወጥቶ ይቆፍራል። ያ ገንዘብ ስጦታ እንጂ ብድር እንዳልነበረ አውቃለሁ። የማነሣው ሌላ ነገር ለማለት ነው፤ ፊደል ከቆጠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች በቀር ሁሉም ገበሬ የሆነበት ኮሚቴ የባንክ ሂሳብ ማንቀሳቀስ ይችላል። “አቅም የላቸውም” የሚለው መልስ እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ማንም ሰምቶ ወደማይወደው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ፍሳሹ። የውሃ መስመር ሲመረቅ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ሕፃናት ከቧንቧው ሲጠጡ ፎቶ ይነሣሉ። የመጸዳጃ ዝቃጭ ማድረቂያ ሲመረቅ ግን ፎቶ የሚነሣ የለም። ስለዚህ ማንም አይሠራውም። በከተማችን የፍሳሽ መስመር የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ቤት በጓሮው ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ሲሞላ ሌላ ይቆፍራል፣ ጓሮው ሲያልቅ የመምጠጫ መኪና ከሌላ ከተማ ይጠራል። መኪናው ሲመጣ አይቻለሁ። ከመጠጠ በኋላ የት እንደሚደፋው ግን አልጠየቅሁም፤ እውነቱን ለመናገር መልሱን መስማት አልፈለግሁም። በነሐሴ አንዳንዱ ሰው ሌሊት ጉድጓዱን ለጎርፉ ይከፍተዋል። ጎርፉ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱ ከብት ወደሚጠጣበትና ልብስ ወደሚታጠብበት ወንዝ ይወርዳል። ወንዞቻችን ደግሞ ከጮቄ ወርደው ሁሉም መድረሻቸው ዓባይ ነው።

ከምድር በታች ያለው ይብሳል። ምድራችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ውሃው የሚኖረውና የሚጓዘው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስንጥቅ ንጹሑን ከቆሻሻው አይለይም። ዛሬ በብድር ያስቆፈርነውን ጥልቅ ጉድጓድና ምንጭ ከአምስት ዓመት በኋላ የራሳችን መጸዳጃ ቢበክለው የተበደርነው ለምንድን ነው? ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ ውሃና ፍሳሽ በአንድ ብድር ይታሰሩ። ፍሳሽ ብቻውን ቢበደር አይከፍልም፤ ሰው ውሃ ለማግኘት እንጂ ቆሻሻው ስለተወሰደለት ገንዘብ ማውጣት አልለመደም። ከውሃ ሂሳቡ ጋር ትንሽ ጭማሪ ሆኖ ሲመጣ ግን ይከፈላል። የሚያስፈልገንም እንደ ትልቅ ከተማ መንገድ የሚያስቆፍር የፍሳሽ መስመር አይደለም። ፍሳሹ ተኝቶ የሚጠራበት የማረጋጊያ ኩሬና የዝቃጭ ማድረቂያ በፀሐይና በጊዜ የሚሠሩ ናቸው፤ መብራት ቢጠፋም ሥራቸውን አያቆሙም። ከደንበጫ ተነሥቶ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አልፎ ቡሬ እስኪደርስ ድረስ ያለው መንገድ አንድ አስፋልት ነው። እያንዳንዷ ከተማ ለብቻዋ መኪናና ማድረቂያ ትግዛ ከማለት፣ በጋራ ተበድረው በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ጣቢያ ቢኖራቸው ምን ይከለክላል? ከተሞች በጋራ መበደር የሚችሉበት ደንብ ካለ አሳዩን፣ ከሌለ አውጡልን። በስተሰሜን ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ከየማሳውና ከየከተማው ታጥቦ የሚገባው ነገር ምን እንደሚያደልብ አስተምሮናል፤ በእጁ ሲነቅል የከረመ ሰው ይናገር።

እኛም ንጹሐን አይደለንም። በእኔ ጊዜ ከጉድጓዱ የወጣውን ውሃ የሚለካው ትልቁ ቆጣሪና የደንበኞቹ ቆጣሪዎች ድምር ተገናኝተው አያውቁም። በክፉ ወር ከሦስት ጀሪካን አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም ነበር፤ ከፊሉ በስንጥቅ ይፈሳል፣ ከፊሉ ቆጣሪውን ባለፈ ድብቅ መስመር ይሄዳል፣ ከፊሉ የተበላሸ ቆጣሪ ነው። አበዳሪ ብሆን ኖሮ ለእንዲህ ያለ ቤት የመጀመሪያውን ብር የምሰጠው ለአዲስ ጉድጓድ ሳይሆን ለቆጣሪና ለጥገና ነበር። ከዚህ የከፋም አለ። አንድ ጊዜ ለፓምፕ መለወጫ ያጠራቀምነው ገንዘብ በቃል ትእዛዝ ለበዓል ዝግጅት ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ወጣ። “በወሩ መጨረሻ ይመለሳል” ተባልን። እኔ ጡረታ ስወጣ ያ ወር ገና አላለቀም ነበር። የብድሩ ውል የውሃ ገቢ በተለየ የባንክ ሂሳብ እንዲቀመጥ፣ ከንቲባም ሆነ ሌላ ሹም ያለ ውሃ ቦርዱ ፊርማ እንዳይነካው ካላስገደደ አታበድሩን። ይህን የምለው እንደ ተበዳሪ ነው።

ስለ ዶላሩም አንድ ነገር ልበል። ፓምፑ፣ ቆጣሪውና የቱቦው ጥሬ ዕቃ ከውጭ ይመጣል፣ የፈንዱ ገንዘብም ብዙ ጊዜ ከውጭ የተገኘ ብድር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ያ ልዩነት በትንሽ ከተማ ታሪፍ ላይ ቢጫን ውሃ አገልግሎቱ በአንድ ሌሊት ይከስራል። ከተማ የምትበደረው በብር፣ የምትመልሰውም በብር ይሁን፤ የምንዛሬውን አደጋ ዶላር የሚያገኘውና የሚያስተዳድረው አካል ይሸከመው። የክልላችንን የጸጥታ ሁኔታ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። መንገድ ሲዘጋ ሥራ ተቋራጭ አይመጣም፣ ሰውም ከቀዬው ሲፈናቀል ቆጣሪ አይነበብም። ውሉ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ወራት ክፍያው ያለ ቅጣት የሚሸጋገርበት አንቀጽ ይግባ። ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ከሚሰጠው የእፎይታ ጊዜም ላይ ክረምቱን አትቁጠሩብን፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ ጭቃ ነው፣ ቁፋሮ የለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው በአጭሩ ይህ ነው። ለትናንሽ ከተሞች የተለየ መስኮት ይከፈት፤ ወለዱ ዝቅ ያለ፣ ለቱቦና ለጋን ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ለፓምፕ አጠር ያለ ይሁን። የጥናቱ ወጪ በቅድሚያ ከፈንዱ ይሸፈንና ብድሩ ሲጸድቅ በላዩ ይደመር፤ ካልጸደቀ ፈንዱ ይቀበለው። ለገጠር ቀበሌዎች ሙሉ ብድር አልጠይቅም፤ ገበሬው ሙሉውን ወጪ ሊመልስ አይችልም፣ ፖሊሲውም አይጠይቀውም። ለእነሱ ግንባታው በስጦታ ሆኖ ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚሆን አነስተኛ ብድር ይፈቀድላቸው፤ ክፍያውም ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ከወጣ በኋላ በጥርና በየካቲት ይሁን። ቦኖ ላይ ለሚቀዳው ድሃ ደግሞ የታሪፉ የመጀመሪያ እርከን ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ ብዙ የሚጠቀመው ሆቴልና መኪና አጣቢ ልዩነቱን ይክፈል። የብድሩ ሰነድ፣ የተበደረችው ከተማ ስምና የከፈለችው መጠን በየዓመቱ በጋዜጣ ይውጣ። ያልከፈለች ከተማ የቀጣዩን ተረኛ ዕጣ እንደያዘች ሁሉም ይወቅ።

ጎረቤቴ ይህን ስጽፍ መጥታ “ምን ትሞነጫጭራለህ?” አለችኝ። ነገርኋት። “ለቆጣሪ ከሆነ በወር 67 ብር እኔ ከዛሬ ጀምሬ እከፍላለሁ፤ ለማን ነው የምሰጠው?” አለችኝ። ለእሷ የምሰጠው መልስ ስላጣሁ ጥያቄዋን እንዳለ ወደ እናንተ አስተላልፌዋለሁ። የስድስት ዓመቱ የገቢ ሰንጠረዥም እጄ ላይ አለ፤ የሚመረምር ባለሙያ ብትልኩ ፎቶ ኮፒው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ከሰላምታ ጋር

አንድ ጡረተኛ የውሃ አገልግሎት ሂሳብ ሠራተኛ
ምሥራቅ ጎጃም